በክብር ተጠብቆ ስለ ጠፋው የኦቦ ደረሳ ድምፅ

ለክቡር ግራዝማች ኃይለጊዮርጊስ
በነቀምት የድምፅ ማስረጃ መዝገብ ክፍል ሹም

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከቢሮዎ ሦስት መቶ እርምጃ እንኳ ከማይርቀው የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ ተነሥቶ እጅዎ ሲገባ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የወገብዎ ሕመም የተወዎት፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የሰመረ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ቢያንስ ይህን እስከ ጻፍሁበት እስከ ሚያዝያ 16 ቀን 1965 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ደኅና ነበርሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክቡርነትዎ ከእኔ የተሻለ ሳያውቁ አይቀሩም።

ስሜ ረዲ ነስሩ ይባላል። አገሬ ጉራጌ ነው፤ ነቀምት ከገባሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ክብሪትና የባትሪ ድንጋይ እሸጥ ነበር፣ አሁን ራዲዮ እጠግናለሁ። ስለ ቴፕ ቁጥር 17 ባለፉት ሰባት ወራት ሰባት ማመልከቻ ለክፍልዎ አስገብቻለሁ፤ ሰባቱም ቁጥር ተሰጥቷቸውና ማኅተም አርፎባቸው ገቢ ሆነዋል፤ ከገቡ ወዲህ ግን አንዱም መልስ ይዞ ሲወጣ አላየሁም። ስለዚህ ይህ ስምንተኛው ለከተማው ሁሉ ገቢ ይሁን ብዬ በካርቦን አባዛሁት፤ አንዱን በሱቄ በር፣ አንዱን በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ አንዱን ባኬ ጃማ ሰፈር በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ለጠፍሁ፣ አንዱንም በሾፌር ወደ አኖ ላክሁ። ድፍረቴን ይቅር እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግድግዳው ሥር ቆሞ እንዳይደናገር፣ በክቡርነትዎ ፈቃድ ከመጀመሪያው ላስረዳ። በ1964 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ለክፍልዎ አንድ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ከአዲስ አበባ መጣ። በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ችሎት መቅረብ የማይችል ምስክር ቢኖር፣ ሰውየው ባይመጣ ድምፁ ይምጣ ተብሎ የታሰበ መልካም ሐሳብ ነበር። አብሮት የመጣው መመሪያ እያንዳንዱ ቴፕ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በደረቅ ቦታ፣ በብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎ ሃያ ዓመት እንዲጠበቅ ያዛል። በክፍልዎ ቴፑን በመሣሪያው ላይ ማጠንጠን የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ፣ እኔ በደብዳቤ ተጠርቼ መሣሪያውን እንዳንቀሳቅስ ታዘዝሁ። ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ወረቀት መጠበቅ ከክቡርነትዎ የተማርሁት ነገር አይደለምና።

በሰኔ ወር፣ አኖ አጠገብ የሚኖር ዋጋሪ የሚባል ጭሰኛ የፊታውራሪ መሸሻን ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ ተያዘ። ነገሩን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የዋጋሪ ጎረቤት ሽማግሌው ኦቦ ደረሳ ነው። ኦቦ ደረሳ ደረታቸውን ታመው ከተኙ ሁለት ወር አልፏቸው ስለ ነበር፣ ዳኛው ድምፃቸው በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ይቀረጽ ብለው አዘዙ። ክቡርነትዎ፣ አስተርጓሚዎና እኔ፣ መሣሪያውንና አንድ የመኪና ባትሪ ይዘን ሄድን።

ሽማግሌው አርባ ደቂቃ ያህል በኦሮምኛ ተናገሩ። «ዱጋ ነን ዱበዳ» ብለው ጀመሩ፤ እውነቱን እናገራለሁ ማለታቸው ነው። ዋጋሪ በዚያ ቀን ከእኩለ ቀን ጀምሮ ጭሱ እስኪነሣ ድረስ ከአጠገባቸው እንዳልተለየ፣ እግራቸውን ሲያጥብላቸው እንደ ነበር፣ በራቸው ከጎተራው ፊት ለፊት ስለሆነ እሳቱን ይዞ የገባውን የፊታውራሪን ነጭ ለባሽ ታጣቂ በዐይናቸው እንዳዩት፣ ስሙን ከነአባቱ ስም ጠርተው ተናገሩ። በስምንተኛው ቀን አረፉ።

ለፍርድ ቤቱ የደረሰው ግን ቴፑ አይደለም። ችሎቱ ማሰሚያ መሣሪያ የለውም ተብሎ የአስተርጓሚዎ የአማርኛ ጽሑፍ ብቻ ቀረበ። ጽሑፉ ሁለት መስመር ነበር፦ ምስክሩ ታመው ተኝተው ስለ ነበር ስለ ቃጠሎው የሚያውቁት ነገር የለም። አርባ ደቂቃን በሁለት መስመር ማስቀመጥ መቼም ትልቅ ሙያ ነው። በዚያ ሙያ ምክንያት ዋጋሪ በነሐሴ ወር ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሚስቱ ድርቤ ይግባኝ አለች፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም ቴፕ ቁጥር 17 እስከ ግንቦት 20 ቀን 1965 ዓ.ም. ተልኮ እንዲደርሰው አዘዘ። ካልደረሰው ፍርዱ ይጸናል። ዛሬ የቀረን ሠላሳ አራት ቀን ነው።

ምስጋናዬን እነሆ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ጥበቃው አመሰግናለሁ። ድርቤና እኔ በጥቅምት ወር መጥተን ቴፑን ስንጠይቅ፣ «በክብር ተጠብቆ ይገኛል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡን። ድርቤ ማንበብ ስለማትችል አነበብሁላት፤ ደስ ብሏት ወረቀቱን በመቀነቷ ቋጠረችው። ልንወጣ ስንል የብረቱ ቁም ሣጥን ተከፍቶ ስለ ነበር፣ የክቡርነትዎን ካፖርትና ጠመንጃ በደረቅ ቦታ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀው አየኋቸው። ቴፖቹ ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውኃ ሥር መሬት ላይ ተደርድረው ነበር። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

2ኛ/ ስለ መዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ስለ ኩማ አመሰግናለሁ። ኩማ ቴፖቹ ላይ ቁጥርና ስም የሚጽፍ፣ እጁ ያማረ፣ አፉ ግን ትንሽ የማይታገሥ ወጣት ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ድርቤን ከቢሮው በር ላይ አግኝቶ፣ «አዴ ድርቤ፣ በከንቱ አትመላለሺ፤ ዕቃው አለ፣ በውስጡ ያለው ድምፅ ግን የሌላ ሰው ነው» አላት። በአራተኛው ቀን ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ኑኑ ቁምባ ተዛወረ። ሲሳፈር አይቼዋለሁ፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ይዞ ነበር፣ እጁንም አወዛወዘልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። እናቱ ደራርቱ ኑኑ ቁምባ ድረስ ሄደው ቢጠይቁ፣ እንዲህ ያለ ሰው አልደረሰልንም ብለው መለሷቸው። ተመልሰው ወደ ክቡርነትዎ ቢመጡ ግን የኩማ የሥራ መቆጣጠሪያ ፊርማ ከኑኑ ቁምባ በየወሩ ሳይጓደል እንደሚመጣ ነገሯቸው፤ ልጅዎ ደኅና ነው፣ በሥራው ላይ ነው ተባሉ። ወረቀቱን ይዘውልኝ መጥተው አየሁት። በሠላሳው ቀን ሠላሳ ፊርማ አለው፤ እሑዶቹም አልቀሩም። ሠላሳውም በአንድ ቀለም፣ በአንድ መቀመጫ የተጻፉ ናቸው። በመዝገብ ላይ በሥራ ገበታው የተገኘ ሰው ጠፋ ተብሎ ሊፈለግ ስለማይችል፣ ፖሊስም አልፈለገውም። እናቱ ግን መዝገብ ማንበብ ስለማይችሉ እየፈለጉት ነው።

3ኛ/ በየካቲት ወር መሣሪያው ተበላሽቶ ወደ ሱቄ ስለተላከልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ላኪዎቹ ቴፑን ከላዩ ማውረድ ስላላወቁበት፣ ያጠነጠነውን እንደ ጫነ አመጡት። ቴፑ ላይ በኩማ ያማረ እጅ «ቁጥር 17፣ ደረሳ፣ አኖ» የሚል ጽሑፍ አለበት። የተበጠሰውን ቀበቶ ቀየርሁና መሥራቱን ለማረጋገጥ ከፈትሁት።

የሰማሁት የክቡርነትዎን ድምፅ ነው። በጥቅምት ወር፣ እኔ ባልተጠራሁበት ቀን፣ ከአዲስ አበባ ለመጡት ትልቅ እንግዳ አቀባበል ሲደረግ ያሰሙት ንግግር ሠላሳ አንድ ደቂቃ ሞልቶ፣ የኦቦ ደረሳን ቃል ጠርጎ በላዩ ተቀርጿል። ንግግሩ ያማረ ነው። በተለይ በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሕዝቡ ድምፁን ለመንግሥት አደራ እንደ ሰጠና ክፍልዎም ይህን አደራ እንደ ዐይኑ ብሌን እንደሚጠብቅ የተናገሩት፣ ጭብጨባው ራሱ በጥራት ይሰማል። አዲስ ቴፕ በመጋዘን ሞልቶ ሳለ በዚያ ላይ መቅረጽ ለምን እንዳስፈለገ ለመጠየቅ አልደፍርም።

እንግዲህ ጭብጨባው ሲያበቃ ዝምታ የሚከተል መስሎኝ ነበር። ኦቦ ደረሳ ተከተሉ። የክቡርነትዎ ንግግር ሠላሳ አንድ ደቂቃ ነው፤ የእሳቸው ቃል አርባ ደቂቃ ነበር፤ የመጨረሻው ዘጠኝ ደቂቃ ሳይነካ ቀርቷል። ሲተነፍሱ ደረታቸው እንዴት እንደሚያፏጭ ሳይቀር ይሰማል። ዋጋሪ እዚህ ነበር ይላሉ፤ እዚህ፣ ከእግሬ ሥር። የነጭ ለባሹንም ስም እንደ ገና ይጠራሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሉት የሚዘነጋ መስሏቸው ነበር መሰለኝ። በመጨረሻም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ኢልማ ኮ፣ ድምፄ ገብቷል?» ይላሉ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። የእኔም ድምፅ ይመልሳል፦ «ገብቷል ኦቦ፤ ከዚህ በኋላ ማንም አያወጣውም።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ቀልዱን ላቁም። ያን ያልሁት እኔ ነኝ። እየሞቱ ላሉ ሰው ቃል የሰጠሁት በክቡርነትዎ መዝገብ ቤት ተማምኜ ነው። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የራሴን ድምፅ ስሰማ ያፈርሁትን ማፈር በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም፤ ከማፈሬም በላይ ተናደድሁ፤ ንዴቴም እስከ ዛሬ አልበረደም። መሣሪያውን ከነቴፑ መለስሁ፤ የመረከቢያ ፊርማም ከክፍልዎ ተቀበልሁ። ያን ጊዜ ስለሰማሁት ነገር ለአስተርጓሚዎ መናገሬ ግን ሞኝነት ነበር። ፊቱ ሲለወጥ አይቼ ነበር፤ ጨጓራውን አሞት ይሆናል ብዬ አለፍሁት።

4ኛ/ በመጋቢት ወር በመዝገብዎ ውስጥ ስሜ ስለተጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ስቀርብ የክፍልዎ የገቢና ወጪ መዝገብ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። በአንድ ገጽ ጥግ ላይ፣ ከሌሎቹ መስመሮች በጠቆረ ቀለም፣ ቴፕ ቁጥር 17ን ረዲ ነስሩ ጳጉሜን 6 ቀን 1964 ዓ.ም. ተረክቦ ወስዷል፣ አልመለሰም የሚል ተጽፏል። ከጎኑም የእኔ ነው የተባለ ፊርማ አለ።

እኔ መቼም ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር ሳይ ከየት እንደ ተሰበረ ሳላየው አልቀርም። ያለፈው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ በማግሥቱ መስከረም አንድ ሆኖ ከተማው ሁሉ አዲስ ዓመት አከበረ፣ ክቡርነትዎም አደባባይ ወጥተው ነበር። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ እሷም ካቻምና ነበረች። የጻፈው ሰው የካቻምናውን ገጽ ፊቱ ዘርግቶ ቀኑን ሲገለብጥ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑን መቀየር ረስቷል። እኔ በወላጆቼ እምነት እስላም ነኝ፤ ጳጉሜንን ለክርስቲያኑ ጸሐፊ ላስታውሰው ስለበቃሁ አምላክን አመስግኛለሁ። ደግሞም ቴፑን በጳጉሜን ወስጄው ከሆነ፣ በጥቅምት «በክብር ተጠብቆ ይገኛል» ብለው ያተሙልን ምኑን ኖሯል?

የግድግዳ ካሌንደር ከሱቄ አስመጥቼ ለመቶ አለቃው አሳየሁ። ሁለት ጊዜ በጣቱ ቆጠረ። ሦስተኛ አልቆጠረም፤ መዝገቡን ዘጋና ለማንኛውም ከከተማ እንዳትወጣ አለኝ። በሳምንቱ የንግድ ፈቃዴ ሳይታደስ ቀረ። ከዚያም ሁለት ሰዎች አንድ ራዲዮ ይዘው መጥተው ተበላሽቷል አሉኝ። ከፈትሁት፤ ምንም አልሆነም፤ ከእኔም ከእነሱም የተሻለ ጤና አለው። ደኅና ነው ብላቸው ግድ የለም ይቆይ አሉ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ መጥተው ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የራዲዮውን መጠገን ይጠብቃሉ። ጠዋት አካም ቡልተን እላቸዋለሁ፤ አይመልሱልኝም። ይህንንም ስጽፍ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጥፍሩን እየቆረጠ ነው።

5ኛ/ አምስተኛው አጭር ነው። ትናንት ድርቤ ከአኖ መጥታ ነበር። ወረቀቱን ከመቀነቷ ፈትታ እንደ ገና አንብብልኝ አለችኝ። በክብር ተጠብቆ ይገኛል ብዬ አነበብሁላት። የተጠበቀው ቴፑ ነው ወይስ ባሌ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ትሕትናዬን ሳላጓድል የምለምነው ይህን ነው። ቴፕ ቁጥር 17፣ የክቡርነትዎ ንግግር ሳይለይ፣ እንዳለ ታሽጎ እስከ ግንቦት 20 ቀን ለይግባኙ ፍርድ ቤት ይላክ። የክቡርነትዎን ንግግር መስማት ለዳኞቹም አይጎዳቸውም። ኩማ በኑኑ ቁምባ በየቀኑ የሚፈርም ከሆነ፣ አንድ ቀን ፊርማውን ትቶ ራሱ ይምጣ፤ እናቱ ከፊርማው ይልቅ እሱን ይመርጣሉ። በእኔ ላይ የተጻፈውም መስመር እንዳለ ይቆይ፤ አይፋቅ። እንዲህ ያለ መረጃ ሃያ ዓመት መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የተደፈነ ጣሪያ፣ የማይንጠባጠብ ክረምትና የማይነጥፍ ጭብጨባ እየተመኘሁልዎ፣ በመዝገብዎ በሌለ ቀን የሌለ ዕቃ የተረከብሁት፣ በደብዳቤዎ የተቀጠርሁት፣ በፖሊስ ትእዛዝ ከከተማ የማልወጣውና ለመገኘት ምንም የማላስቸግረው ታማኝዎ፣

ረዲ ነስሩ
ራዲዮ ጠጋኝ፣ ነቀምት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ይህን አንብበው ሲጨርሱ ቴፑን ለማጽዳት እንዳይቸኩሉ ብዬ ነው። በየካቲት መሣሪያው ሱቄ ባደረ ጊዜ አንድ ደንበኛ ለጥገና የተወው ሌላ መሣሪያ ከጎኑ ነበር፤ ሁለቱን በሽቦ አገናኝቼ እስከ መጨረሻው ገለበጥሁት፤ መጨረሻውን ያዳመጥሁት ግን መሣሪያውን ከመለስሁ በኋላ ነው። ግልባጩ ነቀምት የለም። በማን እጅ እንደ ሄደ አልነግርዎትም፤ አዲስ አበባ ደርሶ በይግባኙ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል።

እስከ መጨረሻው ስል የኦቦ ደረሳ ቃል የሚያበቃበትን ማለቴ አይደለም። እሳቸው ጨርሰው ዐይናቸውን ሲከድኑ፣ እኔ የባትሪው አሲድ የነካውን እጄን ልታጠብ ወደ ምንጩ ወረድሁ። ክቡርነትዎና አስተርጓሚዎ በሩ ላይ፣ ከማይክሮፎኑ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ቆማችሁ ተነጋገራችሁ። ምስክሩ ዝም ሲል መሣሪያውም እንደ ጸሐፊ ብዕሩን የሚያስቀምጥ መስሏችሁ ነበር፤ እስካልዘጉት ድረስ ግን መቅረጹን አያቆምም። «ሁለት መስመር ይበቃዋል» ይላሉ ክቡርነትዎ። «ሽማግሌው እንደሆነ ክረምቱን አይዘልቅም» ይላል አስተርጓሚዎ፤ ፊታውራሪም ውለታውን እንደማይረሱ ያክልበታል። ቀጥለው ክቡርነትዎ ይህ ራዲዮ ጠጋኝ ኦሮምኛ ይሰማል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እሱ ከሽቦ በቀር ምን ያውቃል ብሎ ይስቃል። «እንግዲያው እሱ ይቆይ» ይላሉ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህች ከተማ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸጥሁትም፣ የተጣላሁትም፣ ሚስቴን የለመንሁትም በኦሮምኛ ስለሆነ፣ ኦቦ ደረሳ ያሉትን አንድ በአንድ ሰምቼዋለሁ፤ ለዳኞቹም ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። የእናንተን የሁለታችሁን ንግግር ግን ማስተርጎም አላስፈለገኝም፤ በጥሩ አማርኛ ነው የተናገራችሁት።